የገመድ ሥራ በታንኳና በአምሳያ መርከብ፤ ከጉና ግርጌ እስከ አትላንቲክ

ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል ለጋይንት፣ ለእስቴና ለፋርጣ የውኃ ምንጭ ሲሆን፣ ከምዕራባዊ ጎኑ የሚነሡት ርብና ጉማራ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ፤ በንፋስ መውጫ በኩል የሚዘንበው ዝናብ ደግሞ ከፊሉ ወደ ተከዜ፣ ከፊሉ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ይወርዳል። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር አካባቢ ላይ የተቆረቆረችው ንፋስ መውጫ ራሷ ታንኳ የሚያንሳፍፍ ውኃ የላትም፤ ልጆቿም የመርከብን መልክ የሚያውቁት በአብዛኛው ከሥዕልና ከትምህርት መጽሐፍ ነው። ይሁን እንጂ መርከብ እንዴት እንደሚሠራና እንዴት በአምሳያ እንደሚቀዳ የሚያጠና ሰው ይህን አገር ዘሎ ማለፍ አይችልም፤ ከጉና የሚወርደው ውኃ በሚያጠጣው የጣና ዳርቻ የሚበቅለው ደንገል እስከ ዛሬ ታንኳ የሚሠራበት ከመሆኑም በላይ፣ በ20ኛው መቶ ዘመን ከዚያው ሐይቅ የተቆረጠ ደንገል የጥንት መርከብን በትክክል የመቅዳት ጥበብ የተፈተነበት ዋና ቁስ ሆኖ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ወጥቷል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አምሳያ መርከብ የሚባለው የአንድን እውነተኛ መርከብ መጠን በታወቀ ምጥጥን አሳንሶ፣ ቅርጹንና የዕቃውን ዝርዝር ሳያዛንፍ የሚያሳይ ሥራ ነው። ምጥጥኑ 1፡100 ከሆነ በእውነተኛው መርከብ ላይ 100 ሜትር የሆነው ርዝመት በአምሳያው 1 ሜትር ይሆናል፤ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት የነበረው ገመድም 1 ሚሊ ሜትር ወደሆነ ክር ይቀንሳል። ይህ ሥራ ለብዙ ዘመን በእንጨት፣ በአጥንትና በብረት ሲከናወን ከቆየ በኋላ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ጀምሮ ፖሊስታይሪን የተባለውን ፕላስቲክ አቅልጦ በብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ በግፊት መሙላት በመቻሉ በብዙ አገር የተራ ሰው መዝናኛ ለመሆን በቃ። የእንግሊዙ ኤርፊክስ ኩባንያ በ1952 የፍራንሲስ ድሬክን መርከብ የጎልደን ሃይንድን ተገጣጣሚ አምሳያ ለገበያ አቀረበ፤ የአሜሪካው ሬቬልና የፈረንሳዩ ሄለርም ተከትለው በመቶዎች በሚቆጠሩ ክፍሎች የተበታተኑ ትላልቅ ባለ ሸራ መርከቦችን በካርቶን እያሸጉ ሸጡ።

ፕላስቲኩ ለመርከቡ አካል የሚሰጠው ጥቅም ግልጽ ነው፤ የሳንቃው መስመር፣ የመድፉ መስኮት፣ የኋላው ቅርጻ ቅርጽ ሁሉ አስቀድሞ በፋብሪካ ስለሚወጣ፣ ገጣጣሚው ሙጫና ቀለም ይዞ በጥንቃቄ ከሠራ አካሉን ሊያሳምረው ይችላል። ገመዱ ግን በፋብሪካ አይወጣም። ኩባንያዎቹ መርከበኛው የሚወጣባቸውን የገመድ መሰላሎች በፕላስቲክ ቀርጸው ቢያቀርቡም፣ ውፍረታቸው ከምጥጥኑ ስለሚያልፍ ጥንቁቅ ሠራተኞች ጥለዋቸው በክር ይተኳቸዋል። የባለ ሸራ መርከብ ገመዶች በሁለት ይከፈላሉ። ቋሚዎቹ ደቀሉን፣ ማለትም ሸራው የሚሰቀልበትን ረጅም ምሰሶ፣ ከፊት፣ ከኋላና ከግራ ቀኝ ወጥረው የሚይዙ ሲሆኑ፣ ከዝናብና ከጨው እንዲጠበቁ ዝፍት ስለሚቀቡ ይጠቁራሉ፤ ተንቀሳቃሾቹ ደግሞ ሸራውን ለማውጣት፣ ለማውረድና ወደ ነፋሱ ለማዞር በየሰዓቱ የሚሳቡ በመሆናቸው መልካቸው እንደ ተፈተለ ጭረት የነጣ ነው። አምሳያ ሠሪው የሁለቱን ቀለም ቢያደባልቅ ወይም አንዱን ክር ከማይታሰርበት ቦታ ቢያስር፣ መርከቡ በሩቅ ለሚያየው ሰው ያማረ ይመስላል፤ ነገር ግን ያ መርከብ በእውነት ባሕር ላይ ቢሆን ኖሮ ደቀሉ በመጀመሪያው ማዕበል ይወድቅ ወይም ሸራው አልታጠፍ ይል ነበር።

የገመዱ ብዛት ሲታይ የሥራው ክብደት ይበልጥ ይገባል። በ1765 ውኃ ላይ የወረደውና በ1805 በትራፋልጋር ጦርነት የአድሚራል ኔልሰን መርከብ የነበረው ቪክቶሪ በጠቅላላው ወደ 42 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ገመድ እንደነበረው ይነገራል፤ ይህም በ1፡100 ምጥጥን ሙሉ በሙሉ ይሠራ ቢባል ከ400 ሜትር በላይ ክር ይፈልጋል። ሠሪዎቹ ክሩን በንብ ሰም እያሹ ጭራሩን ያስተኛሉ፣ ከታችኛው ደቀል ጀምረው ወደ ላይ፣ ከመካከል ጀምረው ወደ ውጭ ያስራሉ፣ አንዱን ገመድ ከመጠን በላይ የወጠሩ እንደሆነ ቀድሞ የታሰረው ስለሚላላ ሁሉንም አስተካክለው እስኪጨርሱ ወራት ይወስድባቸዋል። በዚህ ሥራ ውስጥ ያለው ዕውቀት ከእጅ ጥበብ ያለፈ ነው፤ አንድ ገመድ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚታሰር ለማወቅ ምን ሥራ ይሠራ እንደነበር ማወቅ ግድ ይላል።

መርከብን በአምሳያ የመሥራት ልማድ ከዓባይ ሸለቆ የቀደመ ማስረጃ የሚገኝለት ጥቂት ቦታ ነው። በግብፅ ቴብስ አጠገብ በሚገኘው በሜኬትሬ መቃብር፣ የዛሬ 4,000 ዓመት ገደማ ተሠርተው ከሟቹ ጋር የተቀበሩ የእንጨት አምሳያዎች በ1920 በኸርበርት ዊንሎክ ተቆፍረው ሲወጡ፣ ከነዚያ መካከል ሁለት የደንገል ታንኳዎች መረብ በመካከላቸው እየጎተቱ ዓሣ ሲያጠምዱ የሚያሳየው ሥራ ተገኝቷል። የጣና ዓሣ አጥማጅ ይህን አምሳያ ቢያይ ምን እንደሚሠሩ የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም። ከዚያ 500 ዓመት ያህል ቆይቶ ንግሥት ሐትሼፕሱት በዴር ኤል ባሕሪ ቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ ያስቀረጸችው የፑንት ጉዞ ደግሞ የጥንት መርከብን ገመድ በዝርዝር ከሚያሳዩት ምስሎች ዋነኛው ነው፤ ፑንት ብዙ ሊቃውንት በቀይ ባሕር ደቡባዊ ዳርቻና በአፍሪካ ቀንድ የሚያስቀምጡት፣ ዕጣንና ከርቤ ይመጣበት የነበረ አገር ነው። በነዚያ መርከቦች ላይ አንድ ወፍራም ገመድ ከፊት ጫፍ ተነሥቶ በባላዎች ላይ ከፍ ብሎ እስከ ኋላ ጫፍ ተወጥሮ ይታያል። ገመዱ ከሸራው ጋር ግንኙነት የለውም፤ ሥራው የመርከቡ ሁለት ጫፎች በክብደታቸው ወደ ታች እንዳይጎብጡና ወገቡ እንዳይሰበር መያዝ ነው። በ2008 በዚሁ ቅርጽ ላይ ተመሥርታ የተሠራችው የበረሃው ሚን የተባለች መርከብ በቀይ ባሕር ላይ በሸራ ተጉዛ፣ የግድግዳው ሥዕል ለጌጥ የተሣለ ሳይሆን በሥራ ላይ ለዋለ መርከብ ታማኝ ምስክር መሆኑን አሳይታለች።

በአክሱም ዘመንም ገመድ የመርከቡ ማያያዣ ሆኖ እናገኘዋለን። በ6ኛው መቶ ዘመን የጻፈው የቢዛንታይኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ፣ ንጉሥ ካሌብ በ525 ገደማ ከቀይ ባሕር ማዶ ወዳለው ሒምያር ስለተሻገረበት ዘመን ሲተርክ፣ በዚያ ባሕር የሚሄዱት መርከቦች ሳንቃቸው በሚስማር ሳይመታ በገመድ የተሰፋ መሆኑን ይገልጻል፤ ሰዎች በባሕሩ ውስጥ ብረት የሚስብ ድንጋይ ስላለ ነው ሲሉ የሚያወሩትን ሐሰት ነው ብሎ ይጥልና፣ ምክንያቱን የብረት እጦትና የሮማውያን የሽያጭ ክልከላ ያደርገዋል። የመጀመሪያውን ወሬ መጣሉ ተገቢ ነው፤ የሁለተኛው ምክንያት ግን ብቻውን አይበቃም። የተሰፋ መርከብ አሸዋና ድንጋይ ባለበት ዳርቻ ሲጋጭ ስለሚለመጥ ከተመታው ይልቅ ይተርፋል፣ የተበላሸ ሳንቃውም ስፌቱ ተፈትቶ በቀላሉ ይለወጣል፤ ስለዚህ ስፌቱ ለባሕሩ ጠባይ የተመረጠ ጥበብ እንጂ የችጋር ምልክት ብቻ ተደርጎ መቆጠር የለበትም።

ከዚህ ሁሉ የገመድ ታሪክ ሳይቋረጥ በሕይወት የሚገኘው ክፍል የጣና ታንኳ ነው። ደንገል ከውኃ ዳር የሚበቅል፣ ዘንጉ ሦስት ማዕዘን ያለው፣ ቅርፊቱ ጠንካራ፣ ውስጡ አየር በያዘ ለስላሳ ልብ የተሞላ ተክል ሲሆን፣ ቁመቱ ከሰው በእጥፍ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ታንኳ ሠሪው ደንገሉን ከሥሩ ቆርጦ በፀሐይ ያደርቀዋል፣ ዘንጎቹን ወፍራሙንና ቀጭኑን ጫፍ እያመሳቀለ በነዶ ያስራል፣ ነዶዎቹንም ጎን ለጎን አስተኝቶ በልጥ ወይም ከዚያው ከደንገሉ በተገመደ ገመድ ይሰፋቸዋል፤ የፊቱን ጫፍ ጨምቆ ወደ ላይ ያቀስረዋል፣ ሰውና ጭነት የሚያርፍበትንም ተጨማሪ ንብብር ከላይ ይደርብበታል። ታንኳው የሚንሳፈፈው እንደ ሳንቃ ጀልባ ውኃ ስለማያስገባ አይደለም፤ ውኃው በነዶዎቹ መካከል ይመላለሳል፣ የሚያንሳፍፈው በዘንጎቹ ልብ ውስጥ ያለው አየር ነው። ስለዚህም የታንኳ ጠላት ቀዳዳ ሳይሆን እርጥበት ነው፤ ቀዛፊው ከጉዞ ሲመለስ ታንኳውን ከውኃ አውጥቶ ያደርቀዋል፣ በዚህ ሁሉ እንክብካቤም ዕድሜው ከጥቂት ወራት ብዙም አያልፍም።

ይህን ሥራ ከማንም በላይ የሚያውቁት በሐይቁ ዙሪያ የሚኖሩት ወይጦዎች ናቸው። ቀድሞ በጉማሬ አደንና በዓሣ ይተዳደሩ የነበሩት እነዚህ ሰዎች በጎረቤቶቻቸው ዘንድ ለረጅም ዘመን በንቀት ዓይን ሲታዩ ኖረዋል፤ ይሁንና የደሴት ገዳማቱ እህል፣ የዘጌ ማገዶና የፎገራ ገበያተኛ ሐይቁን የተሻገረው በአብዛኛው በእነርሱ እጅ በታሰረ ታንኳ ነበር። የአገሪቱ የሥነ ጥበብ ታሪክ የገዳማቱን ሥዕሎች በክብር ሲመዘግብ ወደ ገዳማቱ ያሻገረውን ጥበብ ከሥሩ ማስቀረቱ መታረም ያለበት ጉድለት ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ዓመታት መጀመሪያ ጎንደር በነበረበት ጊዜ ታንኳን በስሙ ጠቅሶ፣ ከሥሩ የግራር እንጨት እንደ አከርካሪ ተደርጎ ደንገሉ በላዩ እንደሚሰፋና ሁለቱ ጫፎቹ ተሰብስበው እንደሚታሰሩ ጽፏል፤ የጥንት ግብፃውያንን የደንገል ጀልባ ከጣናው ጋር ካዛመዱት ቀደምት ጸሐፊዎች አንዱም እርሱ ነው። ከ1925 እስከ 1934 በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የብሪታንያ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን የሐይቁን ካርታ ሲያነሣ ወደ ደሴቶቹ የተሻገረው በታንኳ ነበር፤ በ1936 ያሳተመው መጽሐፉም ስለ ታንኳ ከተጻፉት ምስክርነቶች ጥሩው ነው።

የሐይቁን ታንኳ ወደ ሌላ ዓይነት መርከብ ለመለወጥ የተደረገው ሙከራ ደግሞ ከአፄ ቴዎድሮስ ጋር የተያያዘ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1866 በዘጌና በቆራጣ በሰፈሩ ጊዜ በእሳት ኃይል የሚሄዱ መርከቦችን ወሬ ሰምተው ስለነበር፣ የአገሩን የደንገል ሥራ መሠረት አድርገው በጎኑ በሰው እጅ የሚዞሩ መንኰራኩሮች የተገጠሙለት ትልቅ ጀልባ አሠርተው በሐይቁ ላይ ሞከሩ፤ በዚያን ጊዜ በእጃቸው የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ሄንሪ ብላንክም በመጽሐፉ ይህን መዝግቧል። ጀልባው የእንፋሎት መርከብ አምሳያ ነበር ማለት ይቻላል፤ መልኩንና የመንኰራኩሩን ሐሳብ ወሰደ፣ ሞተሩ ግን አልነበረውም። አንዳንድ የውጭ ጸሐፊዎች ይህን እንደ ከንቱ ምኞት ቢያቀርቡትም ፍርዱ ሚዛናዊ አይደለም። የውጭ መርከብ አይተው የማያውቁ ሰዎች በእጃቸው ባለው ቁስና በሚያውቁት አስተሳሰር የአንድን ማሽን ሐሳብ በሙሉ መጠን ሠርተው መፈተናቸው የምህንድስና አስተሳሰብ ምልክት ነው።

በቀጣዩ ዓመት እኒሁ ንጉሥ የገመድን ኃይል በጋይንት ምድር ላይ አሳዩ። ደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተቀለጠውና ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በጥቅምት 1867 ጉዞ ጀምሮ፣ በጋይንት በኩል በጨጨሆ አድርጎ ወደ ዋድላና ደላንታ ሲያልፍ፣ መንገዱ በየዕለቱ እየተቆረጠ፣ ሠረገላው በመቶዎች በሚቆጠሩ ሰዎች እየተሳበ በመጋቢት 1868 መቅደላ ደረሰ። ዛሬ ከወረታ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው መኪና መንገድ ንፋስ መውጫን አልፎ ጨጨሆ ላይ ሲደርስ የሚያሳየው ገደል የዚያን ሥራ ክብደት ለመገመት ይበቃል። ዳገት ሲወጣ የሚስበው ገመድ፣ ቁልቁለት ሲወርድ ደግሞ ከኋላ ይዞ የሚያዘገየው ገመድ በአንድነት ካልታዘዙ መድፉ ሰዉን ይዞ ይወርድ ነበር፤ መርከበኞች ደቀልን ከፊትና ከኋላ ወጥረው የሚያቆሙበት ሕግም ከዚህ የተለየ አይደለም።

አምሳያ የመሥራት ጥበብ ከጣና ደንገል ጋር በቀጥታ የተገናኘው ግን በ1969 ነው። በ1947 ኮን ቲኪ በተባለ የግንድ መርከብ ፓሲፊክን ያቋረጠው ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል፣ የጥንት ሰዎች በደንገል መርከብ ከአፍሪካ ወደ አሜሪካ መሻገር ይችሉ እንደሆነ ለመፈተን ተነሣ። በግብፅ የቀድሞው የደንገል ጫካ በመጥፋቱ ወደ ጣና መጥቶ ታንኳዎቹንና ገዳማቱን ጎበኘ፤ ለመርከቡ የሚያስፈልገው ደንገልም ከጣና ተቆርጦ ጊዛ ከፒራሚዶቹ አጠገብ ደረሰ። ንድፉን የመርከብ ታሪክ ሊቁ ቢዮርን ላንድስትሮም ከግብፅ የመቃብር ሥዕሎች አውጥቶ ሣለው፤ የሠሩት ሰዎች ደግሞ ከቻድ ሐይቅ የመጡ የቡዱማ ታንኳ ሠሪዎች ነበሩ። ጥንቃቄ የሚሻው ነጥብ እዚህ ላይ ነው፤ የቻዱ ታንኳ የፊት ጫፉ ሲቀሰር ኋላው ቀጥ ብሎ የሚቆረጥ በመሆኑ፣ ሠሪዎቹ ከፍ ብሎ የሚታጠፍ የኋላ ጫፍ የማሰር ልምድ አልነበራቸውም፤ በሥዕሉ መሠረት ጨምሩ ስለተባሉ ጨመሩት።

ራ የተባለው ይህ 15 ሜትር መርከብ ሰባት ሰዎችን ይዞ ከሞሮኮ የሳፊ ወደብ ግንቦት 25 ቀን 1969 ተነሣ። ደንገል በጥቂት ሳምንት ውስጥ ርሶ ይሰጥማል ያሉት ባለሙያዎች ተሳስተው ነበር፤ ተክሉ ተንሳፎ ቀረ፣ ችግሩ ከሌላ ቦታ መጣ። የግብፅ ሥዕሎች ከታጠፈው የኋላ ጫፍ ተነሥቶ ወደ መርከቡ ወለል የሚወርድ አንድ ገመድ ያሳያሉ። ሠሪዎቹ የዚህ ገመድ ሥራ ጫፉን እስኪለምድ ድረስ ማጉበጥ ብቻ መስሏቸው፣ ጫፉ ቅርጹን ከያዘ በኋላ ገመዱን አስቀሩት። ባሕር ላይ ሳምንታት ካለፉ በኋላ የኋላው ክፍል እየረሰረሰ ሲዘቀዝቅ የተረዱት፣ ገመዱ እንደ ቀስት አውታር ተወጥሮ የኋላውን ወለል ወደ ላይ የሚስብ፣ መርከቡም ከማዕበሉ ጋር እንዲለመጥ የሚያደርግ ዋና አካል እንደነበር ነው። ራ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ከተቃረበ በኋላ በሐምሌ ወር ተተወ። የ4,000 ዓመት ሥዕል አንዲት መስመር ለምን እንደተሣለች ሳይጠየቅ በመታለፏ የጠፋውን መርከብ ያህል ለአምሳያ ሠሪ የሚያስተምር ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። በቀጣዩ ዓመት ከቦሊቪያ ቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ሠሪዎች፣ ሁለት ወፍራም ነዶዎችን በመካከላቸው ካለ ቀጭን ነዶ ጋር በማይቋረጥ ገመድ ጠምዝዘው ያሰሩት ራ 2 ግንቦት 17 ቀን 1970 ከሳፊ ተነሥቶ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰ፤ መርከቡ አሁን በኦስሎ በኮን ቲኪ ቤተ መዘክር ይገኛል።

በጣና ዳር ታንኳን በአምሳያ መሥራት ዛሬም አለ፤ በባሕር ዳርና በዘጌ ለጎብኚ የሚሸጡ ትናንሽ ታንኳዎች ከዚያው ከደንገሉ ይታሰራሉ። እነዚህ ሥራዎች የሚናቁ አይደሉም፣ ሠሪዎቻቸው ትልቁን ታንኳ ያሰሩ እጆች በመሆናቸው የአስተሳሰሩ ሥርዓት በአብዛኛው ይጠበቃል፤ ጉድለታቸው ምጥጥን አለመኖሩ ነው፤ ነዶው ከታንኳው ርዝመት አንጻር ወፍራም፣ ማሰሪያውም ጥቂት ስለሚሆን የትልቁን ስፌት ብዛት አያሳዩም። ሐይቁ ራሱም እየተለወጠ ነው። የደንገሉ ጫካ በእርሻና በከተማ መስፋፋት እየሳሳ መጥቷል፣ ከ2011 ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የተባለው አረም በተለይ የፎገራንና የደምቢያን ዳርቻ ወርሮታል፤ የፋይበር ግላስና የብረት ጀልባ በበዛ መጠንም ታንኳ ለመሥራት የሚቀመጥ ወጣት ይቀንሳል። በዚህ ሁኔታ በምጥጥን የተሠራ፣ ማሰሪያው ሁሉ የተቆጠረ አምሳያ ከፎቶግራፍ የበለጠ መዝገብ ይሆናል፤ ፎቶግራፍ የሚያሳየው የላዩን ገጽታ ሲሆን፣ አምሳያ ግን ሠሪው የውስጡን ነዶ ሳያውቅ አይቆምም።

እንዲህ ያለውን አምሳያ ለመሥራት ፕላስቲክ አይመችም። 5 ሜትር ርዝመት ያለው ታንኳ በ1፡20 ምጥጥን 25 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የደንገል ዘንግ ወደ 1.5 ሚሊ ሜትር ስለሚወርድ፣ ከደንገሉ ይልቅ አክርማ ወይም ሌላ ቀጭን ሣር ለምጥጥኑ ይቀርባል፤ 2 ሴንቲ ሜትር የነበረው ማሰሪያም 1 ሚሊ ሜትር በሆነ የቃጫ ክር ሊተካ ይችላል። አክርማ ደግሞ የጋይንትና የእስቴ ሴቶች ስፌት የሚሰፉበት ሣር ነው፤ ነዶን በስንጥር እያጠበቁ በክብ መስፋትን የሚያውቅ እጅ፣ የታንኳ ሠሪው ምን ያህል ዘንግ በአንድ ነዶ እንዳስገባ፣ የቱን ቀድሞ እንዳሰረና የፊቱን ጫፍ በስንተኛው ማሰሪያ ላይ ማቅሰር እንደጀመረ ከተነገረው፣ ሥራውን ለመጀመር የጎደለው ነገር የለም።